ግቢውን ሲሚንቶ ከማልበሳችሁ በፊት

በእናቴ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ሌሊት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ያንኮራፋል፣ ከዚያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ውኃ ይመጣል። እናቴ ያንን ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ሆና ትሰማዋለች። ነጠላዋን ደርባ ትነሣና በርሜሉን፣ ጀሪካኖቹን፣ ባልዲውን፣ አንዳንዴም ትልቁን ድስት ሞልታ ሊነጋጋ ሲል ጋደም ትላለች። ዕድሜዋ 77 ነው።

እኛ ልጆቿ ያ ሁሉ ውኃ ለቤት የሚውል ይመስለን ነበር። ነገሩ የገባን የዛሬ ሦስት ዓመት የካቲት ላይ ነው። ማለዳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ ጽጌረዳዎቿ ስትጎትት እርጥብ ደረጃ ላይ አዳለጣትና ወደቀች። ፈጣሪ ይመስገን አጥንቷ አልተሰበረም፤ የእጇ አንጓ ግን ወለም ብሎ ሦስት ሳምንት ታስሮ ቆየ። በዚያው እሑድ ቤተሰቡ ቡና ላይ ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድሜ አስቦበት ነው የመጣው። «ግቢው ሲሚንቶ ይልበስ። እማዬም ታርፋለች፣ መኪናም ይቆምበታል» አለ። እኅቴ ሴራሚክ ይሻላል አለች። እናቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰችና «መጀመሪያ እኔን ቅበሩ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን አፍሱበት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

የቤተሰቤን ገመና አደባባይ የማወጣው ይኸው ንግግር በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው። ወላጅ ያረጃል፣ ውኃ ይጠፋል፣ ልጆች ይጨነቃሉ፣ መጨረሻው ሲሚንቶ ይሆናል። ወንድሜ በክፋት አልተናገረም። ግን ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ በክረምት ጎርፉን ጎረቤት ላይ ይለቃል፣ በበጋ ሙቀቱን ወደ ቤት ይመልሳል፤ አንዴ ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ መልሶ ለመቆፈር የሚደፍር የለም። እናቴም ጠዋት ጠዋት ከቤት የምትወጣው ለዚያ ግቢ ብላ ነው። እሱ ከሌለ የት ትወጣለች? ቴሌቪዥን ፊት መቀመጧ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ወረቀት አውጥቼ ሒሳብ ሠራሁ። በ1 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 1 ሊትር ነው። በአዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ ለምለም ሳር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጣል። የእናቴ ሳር 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ 20 ካሬ ነው። ስለዚህ በቀን 80 ሊትር፣ ማለትም አራት ጀሪካን ይፈልጋል። በሳምንት 28 ጀሪካን! ይህን ያህል ውኃ እናቴ አታገኝም። ስለዚህ ሳሩ በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ እሷ ታዝናለች፣ የቻለችውን ታጠጣለች። ሳሩ አይጠግብ፣ እሷ አታርፍ።

በሚቀጥለው እሑድ ለቤተሰቡ ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነበር። ሳሩን እናንሣ። በቦታው የክረምቱን ዝናብ ጠጥተው በጋውን በራሳቸው የሚችሉ፣ በየዓመቱ ዘር መዝራት የማያስፈልጋቸው፣ ከሥራቸው እያቆጠቆጡ ዓመት ከዓመት የሚኖሩ አበቦች እንትከል። ወንድሜ «እሺ፣ ጊዜ እሰጥሻለሁ» አለኝ፤ የሲሚንቶ ዋጋ እስከዚያ እንደሚጨምር ማስታወሱን ግን አልረሳም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አሳፋሪ ነበር። በመስከረም መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ አደይ አበባ ለብሶ ልቤ ሲነሣሣ፣ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች አሥር ችግኝ ገዝቼ ተከልኩ። እስከ ኅዳር ያምሩ ነበር። በጥር ስድስቱ ደረቁ። «ድርቅ ይችላሉ ተብሎ አልነበር?» አለኝ ወንድሜ። ተብሎ ነበር፤ ግን ድርቅ የሚችለው ሥር የሰደደ ተክል ነው። ከፕላስቲክ የወጣ ችግኝ ሥሩ ከአንድ ኩባያ አይበልጥም። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚጥለው፤ በመስከረም መጨረሻ የተከለ ሰው ሕፃኑን ጡት አስጥሎ ወደ በረሃ የላከ ማለት ነው። መትከያው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የተተከለ ችግኝ ዝናቡ ሳያቆም ሁለት ሦስት ወር ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። ይህን ጽሑፍ በግንቦት የማወጣውም ለዚሁ ነው፤ ጉድጓድ የመቆፈሪያና ችግኝ የማፈላለጊያ ጊዜው አሁን ነው።

ምን እንትከል ለሚለው፣ ከውጭ የመጣ ካታሎግ ከማገላበጥ በፊት የአገራችንን ገደል ማየት ይበጃል። ስምንት ወር ያለ ዝናብ ጠብታ ቋጥኝ ላይ ቆሞ የሚያብብ ነገር ካለ፣ ግቢያችን ለእሱ ሆቴል ነው።

በመጀመሪያ እሬት። እናቴ ስሙን ስትሰማ ሳቀች። ለእሷ ትውልድ እሬት ማለት ጡት ማስጣያ ነው፤ እኔንም እኅቴንም በእሱ ነው ያስጣለችን። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ግን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ፤ ብዙዎቹም በሌላ አገር የሉም። ገደል ላይ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውና ቀይ የሚያብበው ሴት እሬት የሚባለው አንዱ ነው። ለዚህ ዝርያ ሳይንሳዊ ስሙን ከሰጡት ሁለት ሊቃውንት አንዱ የእኛው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፤ የላቲን መጠሪያውም «እጅግ ውብ» ማለት ነው። ሌላው በደብረ ብርሃን ስም የተሰየመው የደጋ እሬት ነው። አደራ፣ ከገደል ነቅላችሁ አታምጡ። ብዙው የእሬት ዓይነት ከጎኑ ግልገል ያወጣል፤ ካለው ጎረቤት አንድ ግልገል መለመን ይበቃል። ከተነቀለ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩትና ቁስሉ ሲደርቅ ትከሉት።

ቀጥሎ ራስ ክምር። አንዳንድ ቦታ የፈረስ ዘንግ ይሉታል። በአጥር ጥግና በመንገድ ዳር ታውቁታላችሁ፤ ቀጥ ባለ ግንድ ላይ ክብ ክብ እያለ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ፣ ብርቱካናማ ጸጉራም አበባ ያወጣል። እናቴ «ለአረም ገንዘብ ከፈልሽ?» አለችኝ። አልከፈልኩም፤ ከወንዝ ዳር ዘር ለቅሜ ነው። ሲያብብ ግን አስተያየቷ ተለወጠ፤ ምክንያቱም ወፏ መጣች። ረጅምና ቆልመም ያለ ምንቃሯን አበባው ውስጥ እየሰደደች ማር የምትቀስመውን፣ ወንዱ በፀሐይ ሐምራዊና አረንጓዴ የሚያብለጨልጨውን ትንሽ ወፍ ሳታዩ አትቀሩም። ሳይንስ በተከዜ ወንዝ ስም ነው የሚጠራት። የወንድሜ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ፣ ስልክ ሳይዝ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። አያቱ አጠገቡ ተቀምጣ «አሁን ትመጣለች፣ ዝም በል» ትለዋለች። ራስ ክምር አብቦ ሲጨርስ፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እስከ ግማሹ ቁረጡት፤ በዝናቡ አዲስ ግንድ ያወጣል።

እንዳሁላም የራሳችን ነው። ውኃውን በወፍራም ቅጠሉ ያጠራቅማል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነጣ ያለ ሮዝ አበባ ያወጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለው። የእንዳሁላ ቤተሰብ ከብትና በግ የሚመርዙ ዝርያዎች ያሉበት ስለሆነ የበዓል በግ አጠገቡ እንዳታስሩ። እኛ ቤት ዋዜማ ላይ በጉ የሚታሰርበት ቦታ መለወጥ ነበረበት፤ በዚህም ረጅም ክርክር ነበር።

እናቴን ሙሉ በሙሉ ያሸነፏት ግን የወጥ ቤት አበቦች ናቸው። ጤና አዳም፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ሦስቱም ጥማት ይችላሉ፣ ሦስቱም ያብባሉ። ጤና አዳም ቢጫ፣ የጥብስ ቅጠል ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ጦስኝ ሐምራዊ። ጦስኝ የደጋ ልጅ ስለሆነ ብርድ አይፈራም፤ መሬት ላይ ተነጥፎ ያድጋል፣ ሲያብብም ንብ አይለየውም። ለእናቴ ደግሞ ጥቅም ያለው ነገር መትከል ከአበባ ሁሉ ይበልጣል። ጎረቤት «ትንሽ ጤና አዳም ለቡናችን» ብሎ በር ሲያንኳኳ ደስታዋን ማየት ነው! ስለ ጤና አዳም አያቶች የሚያውቁት፣ ወጣት ወላጆች ግን የማያውቁት ነገር አለ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ከመታው እንደ እሳት ያቆስላል። ልጆች በፀሐይ እየቀጠፉ እንዳይጫወቱበት ከመንገዳቸው ራቅ አድርጉት። በሶብላን በዚህ መደብ አትቁጠሩት፤ የአንድ ዓመት ተክል ነው፣ ውኃም ይወዳል።

ከእንግዶቹ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ልጥራ። አንዱ ጌራኒየም ነው፤ በየበረንዳው በወተት ጣሳ የሚታየው። ጫፉን ቆርጦ አንድ ቀን አደርቆ መትከል ነው፤ የማኅበር ቀን ሴቶች ሲለያዩ በጋዜጣ ጠቅልለው የሚሰጣጡት እኮ እሱ ነው። ሁለተኛው አጋፓንተስ፣ በከተማችን አውራ ጎዳናዎች መሐል ሰማያዊ ኳስ የሚመስል አበባ በረጅም አንገት የሚያወጣው ነው። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ወፍራም ሥሩ ውኃ ስለሚይዝ በጋውን ይችላል፤ በአራት በአምስት ዓመት አንዴ ቆፍሮ መከፋፈልና ማካፈል ይቻላል።

አበልቢላን፣ አንዳንዶች አሸንዳ የሚሉትን፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ቀይና ቢጫ የሚያብበውን የደጋ ውበት፣ ድርቅ ይችላል ብለው ይሸጡታል። እኔ በዚህ አልስማማም። በተፈጥሮው እርጥበት ያለበትን ሜዳ ይወዳል። እናቴ ግቢ ያቆየሁት የልብስ እጣቢ በሚወርድበት ቦይ ዳር ስለተከልኩት ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። በከተማችን ምሥራቅና ደቡብ በኩል ያላችሁ፣ አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ፣ ድርቅ የሚችል ተክል የሚሞትባችሁ በበጋ ሳይሆን በነሐሴ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃውን ይዞ አይለቅም። እሬትና የጥብስ ቅጠል ሥራቸው ውኃ ውስጥ ከቆመ ይበሰብሳሉ። መድኃኒቱ መደብ ማውጣት ነው። የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች፣ በተለይ በእነዋሪ በኩል፣ ዋልካ መሬታቸው ላይ በእጃቸው መደብ እያወጡ ውኃውን በቦዩ ያሳልፋሉ። እኛም ከመሬቱ አንድ ክንድ ባይሆን አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ በድንጋይ ከበን፣ አፈሩን ከብስባሽና ከጠጠር ጋር ብንቀላቅለው ይበቃል። በእንጦጦ ሥር ቀይ አፈር ያላችሁ በዚህ አትቸገሩም፤ ብስባሽ ብቻ ጨምሩ።

ስትተክሉ ፕላስቲኩን አውልቁ። ይህን መጻፌ የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ግን ከሞቱት ስድስት ችግኞቼ ሁለቱን ስነቅል ፕላስቲኩ ከነሥሩ ነው የወጣው። የተከላቸው የቀን ሠራተኛው ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ ያላየሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ ጉዝጓዝ። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል አፈሩን አራት ጣት ያህል በጭድ፣ በደረቀ ቅጠል ወይም በቡና ገለፈት ማልበስ ነው። ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ ካልመታው እርጥበቱ ይቆያል። እኛ ቤት የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ከሳሎን ተጠርጎ በቀጥታ መደቡ ላይ ይጎዘጎዛል፤ ይህ የእናቴ ፈጠራ ነው። ለእሬትና ለእንዳሁላ ግን ቅጠል አታልብሱ፤ ጠጠር ይሻላቸዋል።

የመጀመሪያው በጋ ወሳኙ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተክል በሳምንት አንድ ቀን 5 ሊትር፣ ቀስ ብሎ፣ ሥሩ ላይ። በየቀኑ አንድ ኩባያ የሚሰጠው ተክል ሥሩን ወደ ላይ ያመጣል፤ አንድ ቀን ሲረሳ ይሞታል። የእናቴ ጽጌረዳዎች ችግርም ይኸው ነበር። ያረጀ ጽጌረዳ ሰዎች እንደሚያስቡት ለውኃ ስስታም አይደለም፤ እሷ ግን በየማለዳው እያቀመሰች አስለምዳዋለች። ውኃው እንዳይፈስ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ክዳኑን በምስማር በስታችሁ፣ ከተክሉ ጎን አንገቱን ወደ ታች ቅበሩት። እሱን መሙላት ለልጅ የሚመች ሥራ ነው። እኛ 12 ተክል ነበረን፤ በሳምንት 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን። ከ28 ጋር አስተያዩት።

በሁለተኛው በጋ በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ እሬቱና እንዳሁላው ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጋቸውም። ተክሉ ጠምቶት እንደሆነ ማወቂያው ማለዳ ነው። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ማታ የሚነቃ ተክል ፀሐይ ደክሞት እንጂ ጠምቶት አይደለም። ጠዋት ጠውልጎ ካገኛችሁት ግን አጠጡት።

ስለ እጣቢ ብዙዎች ትጠይቁኛላችሁ። የልብስ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ፣ የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ይሆናል። በረኪና የገባበት፣ ወይም የመጀመሪያው ኦሞ የበዛበት ውኃ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ጨው ሸክላማ አፈርን ያደርቀዋል፣ ይደፍነዋል። ጨው ያለበት የድስት እጣቢም እንዲሁ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት አያት በረንዳዬ ላይ ምን ላድርግ ብለውኝ ነበር። እማማ፣ ጌራኒየምና እሬት፣ ጥልቀት ባለው፣ ሥሩ በተበሳ ዕቃ። እሬቱን በክረምት ዝናብ ከማይመታው ጥግ ያስጠጉት። ብቻ በረንዳው ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ ሁለቱም አያብቡልዎትም፤ ልዋሽዎ አልችልም።

ወንድሜም ባዶ እጁን አልቀረም። ለመኪናው ሁለት የጎማ መስመር ብቻ ሲሚንቶ ፈሰሰለት፤ መሐሉ ጦስኝ ነው። እሑድ እሑድ ሲገባ ጎማው ዳር ዳሩን ረግጦት ግቢው ይታወዳል። ሁለቱ ጽጌረዳዎች በሩ አጠገብ አሉ፤ በእነሱ ላይ ድርድር አልነበረም። ጀሪካን የሚያነሣው አሁን የልጅ ልጇ ነው፤ ያውም ሩቡን ብቻ ሞልቶ።

አንድ ነገር ብቻ ማስተው አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ድንገት በጠዋት ስሄድ የእሬቱ ሥር እርጥብ ነው። ዓምና አንዱ በዚሁ ምክንያት በስብሶ ተጥሏል። ምነው እማዬ፣ ይህ እኮ ውኃ አይፈልግም ብዬሽ የለም? ስላት፣ ነጠላዋን አስተካክላ «አውቃለሁ። ሌሎቹ ሲጠጡ ዝም ብሎ ሲያይ አሳዘነኝ» አለችኝ።